የሌላ ሣር፣ የራስ ከብት፦ የኮንራድ ኮርስ ሕይወትና የሞንታና የከብት ፖለቲካ

ስለ አሜሪካ ምዕራብ የተሠሩ ፊልሞችን ያየ ሰው ፈረሰኛውን፣ ሽጉጡንና አቧራውን ያውቃል። የሕግ መጽሐፉን ግን አላየውም። ኮንራድ ኮርስ የሚባለው የሞንታና ከብት አርቢ መንጋውን ያሰማራበት ሜዳ ሁሉ ቢደመር ከ10 ሚሊዮን ኤከር እንደሚበልጥ ይነገራል፤ በጋሻ ሲመነዘር 100 ሺህ ጋሻ ገደማ ነው። በስሙ የተመዘገበው ግን የዚህ ቅንጣቢ ነበር። የቀረው የመንግሥት ነው፤ ከመንግሥት በፊት ደግሞ የነባር ሕዝቦች አገር ነበር።

በዚያ ዘመን ከብት አርቢ ምክር ቤት የሚገባው ለክብር ብቻ አልነበረም። ሀብቱ በእግሩ ይሄዳል፣ ከጎረቤት መንጋ ጋር ይቀላቀላል፣ የሚግጠውም የሌላ ሣር ነው። ያንን ተንቀሳቃሽ ሀብት “የእኔ ነው” ለማለት የሚያስችለው ሕግ ብቻ ነበር። የኮርስን ሕይወት ከዚህ አንጻር ካላዩት፣ አርቢነቱና ፖለቲከኛነቱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይመስላሉ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ኮርስ ማን ነበር?

የተወለደው በ1835 ዛሬ ሰሜን ጀርመን ውስጥ ባለችው በሆልሽታይን ነው። በልጅነቱ መርከበኛ ሆነ፣ አሜሪካ ገባ፣ እንደ ብዙ የዘመኑ ወጣቶች ወርቅ ፍለጋ ወደ ካሊፎርኒያና ወደ ካናዳው ፍሬዘር ወንዝ ተንከራተተ። ወርቁ አልቀናውም። በ1862 ዛሬ ሞንታና በሚባለው አገር ባናክ የተባለች የወርቅ ሰፈር ስትቆረቆር፣ እዚያ ሃንክ ክሮፎርድ ለሚባል ሰው ሥጋ ቆራጭ ሆኖ ተቀጠረ። በሚቀጥለው ዓመት ክሮፎርድ ሄንሪ ፕለመር ከሚባል ሰው ጋር ተጣልቶ በጥይት ካቆሰለው በኋላ ከተማዋን ጥሎ ሸሸ። ልኳንዳው በኮርስ እጅ ቀረ።

የወርቅ ሰፈር ውስጥ የሚበለጽገው ቆፋሪው ብቻ አይደለም። በሺህ የሚቆጠር ሰው ቀኑን ሙሉ ድንጋይና ጭቃ ሲዝቅ ይውላል፤ ማታ ሥጋ ይፈልጋል። በ1863 አልደር ገልች፣ በ1864 ደግሞ ዛሬ ሄለና የተባለችው ከተማ የቆመችበት ሸለቆ ወርቅ ሲገኝባቸው፣ ኮርስ በየሰፈሩ ሥጋ ቤት ከፈተ ወይም ከብት አቀረበ። የልኳንዳ ነጋዴ ዋና ጭንቀት ደግሞ የነገው ሰንጋ ከየት ይመጣል የሚለው ነው። ስለዚህ በ1866 በዲር ሎጅ ሸለቆ የነበረውን የጆኒ ግራንትን ራንች በ19,200 ዶላር ገዛ። ራንች ማለት ለከብት እርባታ የተያዘ ሰፊ ቦታ ነው፤ ቤቱን፣ በረቱን፣ የድርቆሽ መስኩንና ግጦሹን ይጨምራል።

ይህ ግራንት የሚባለው ሰው ሳይጠቀስ መታለፍ የለበትም። ወደ ኦሪገን የሚጓዙ ሰፋሪዎች በሬዎቻቸውና ላሞቻቸው በመንገድ ድካም እግራቸው ሲያብጥና ሥጋቸው ሲያልቅ፣ ግራንት ያረፈች አንዲት ከብት ሰጥቶ ሁለት የደከሙ ይቀበል ነበር። የደከሙትን ወደ ሞንታና ሸለቆዎች ወስዶ ያከርማቸዋል። በሚቀጥለው ዓመት ወፍረው ሲወጡ አንዷ እንደገና ለሁለት ትለወጣለች። የሰሜኑ ሣር ከብት እንደሚያከርም ቀድመው ካሳዩት አንዱ እሱ ነው፤ ኮርስ የገዛው መሬት ብቻ ሳይሆን ይህንን እውቀትም ጭምር ነው።

በ1868 ኮርስ የ19 ዓመቷን ኦጉስታ ክሩዘን አገባ። የእናቱ ልጅ ጆን ቢለንበርግ ሸሪኩ ሆነ፤ በሜዳ ላይ ያለው ሥራ በአብዛኛው የተመራው በቢለንበርግ ነው።

የሰው መሬት ላይ እንዴት ከብት ያሰማራል?

ይህ አሠራር “ክፍት ግጦሽ” ይባላል። የፌዴራል መንግሥት ገና ያልሸጠውና ለማንም ያልሰጠው መሬት ላይ ማንም ከብቱን መልቀቅ ይችላል፤ የሚከፈል ኪራይ የለም። የእኛ ገጠር የወል ግጦሽ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ይገባዋል፤ ልዩነቱ እዚህ የወሉ መስክ ስፋቱ እንደ ክፍለ ሀገር መሆኑ ነው።

“ለምን አይገዛውም ነበር?” ቢባል፣ መልሱ ቀላል ስሌት ነው። የ1862ቱ የሰፋሪዎች ሕግ ለአንድ ሰው 160 ኤከር ይሰጣል፤ 65 ሄክታር ገደማ። ዝናብ በማያጣው በምሥራቁ አሜሪካ ይህ አንድ ቤተሰብ አብልቶ ያሳድራል። በደረቁ የሞንታና ሜዳ ግን አንዲት ላም ዓመቱን ለመዝለቅ 20 ኤከርና ከዚያም በላይ ትፈልጋለች። 160 ኤከር ስምንት ላም ቢይዝ ነው። ሕጉ የተጻፈው ለማረሻ እንጂ ለመንጋ አልነበረም።

አርቢዎቹ መፍትሔ ያገኙት ውሃ ላይ ነው። ከብት ከውሃ ብዙ ርቆ አይግጥም፤ ጠጥቶ ይወጣል፣ ጠጥቶ ለመመለስ ይገደዳል። ስለዚህ ከወንዙ ዳር ወይም ከምንጩ ዙሪያ ያለውን 160 ኤከር በሕግ የያዘ ሰው፣ ከኋላው የተዘረጋውን በሺህ የሚቆጠር ኤከር ያለ ሰነድ ያዘው ማለት ነው። በሩን የያዘ ቤቱን ያዘ። አርቢው በጋዜጣ “ከዚህ ጅረት እስከዚያ ተራራ ያለው የእኔ ግጦሽ ነው” ብሎ ያስነግራል፤ ማስታወቂያው በሕግ ፊት የሚያጸና ነገር አልነበረውም፤ ጎረቤቶች ግን ያከብሩታል፤ ምክንያቱም የእነሱም ግጦሽ የቆመው በዚያው ልማድ ላይ ነው።

ሜዳው ባዶ ሆኖ አልተገኘም። ነባሮቹ ሕዝቦች የሚተዳደሩበት የሰሜኑ ጎሽ በ1883 ገደማ ታድኖ አለቀ። በዚያው ዓመት መጨረሻና በ1884 መባቻ በነበሩት የብርድ ወራት ብላክፊት ከሚባለው ነባር ሕዝብ ወደ 600 የሚጠጉ ሰዎች በረሃብ አለቁ። ከብት አርቢዎች ደግሞ ለሕዝቦቹ የተከለለው መሬት እንዲቀነስ ይወተውቱ ነበር፤ በ1888 በተደረገ ስምምነት 17 ሚሊዮን ተኩል ገደማ ኤከር ተወስዶ ለሌሎች ተከፈተ። ስለ ነጻው ሣር ሲወራ ይህ ዋጋ አብሮ መነገር አለበት።

በአንድ ሜዳ የተቀላቀለ መንጋ እንዴት ይለያል?

ሁሉም ነገር የሚያርፈው በከብቱ ቆዳ ላይ በጋለ ብረት በሚተኮሰው ምልክት ላይ ነው። ምልክቱ ጌጥ አይደለም፣ የባለቤትነት ሰነድ ነው። የሞንታና ግዛት ምልክቶችን በአንድ መዝገብ ማስፈር የጀመረው በ1873 ነው። በመዝገቡ የሌለ ምልክት ፍርድ ቤት ቢቀርብ አያስረዳም። የኮርስ ምልክት “ሲ” እና “ኬ” የሚሉት ሁለት የላቲን ፊደላት ነበሩ፤ የስሙ መጀመሪያዎች።

ሥራው የሚሠራው በጸደይ፣ ላሞች ከወለዱ በኋላ ነው። አገሩ በወረዳ ይከፈላል፤ በየወረዳው ያሉ አርቢዎች ሰውና ፈረስ አዋጥተው በአንድ አለቃ ስር ለሳምንታት ይዘምታሉ። ስንቅ የጫነ ጋሪ ከነወጥ ቤቱ አብሮ ይጓዛል። ለአንድ ፈረሰኛ ከስምንት እስከ አሥር ፈረስ ይመደብለታል፣ ምክንያቱም ጠዋት ሲጋለብ የዋለ ፈረስ ከሰዓት ለገመድ ሥራ አይሆንም። ጎህ ሲቀድ ፈረሰኞቹ እንደ ማራገቢያ ተበትነው ርቀው ይወጡና ያገኙትን ከብት ሁሉ ወደ መሐል እየነዱ ይመለሳሉ።

ከዚያ ገመደኛው ቀስ ብሎ መንጋው ውስጥ ይገባል። ቀስ ማለቱ ግድ ነው፤ መንጋው ከደነገጠ ጥጃና እናት ይለያያሉ፣ ከተለያዩ ደግሞ ጥጃው የማን እንደሆነ ማወቂያ የለም። ጥጃዋ እናቷን ስትከተል አይቶ የኋላ እግሮቿን በገመድ ይይዝና ወደ እሳቱ ይጎትታታል፤ እየጎተተ የእናቷን ምልክት ጮክ ብሎ ይጠራል። ሁለት ሰው ጥጃዋን አጋድሞ ይይዛል፣ ሦስተኛው ብረቱን ያሳርፋል፣ አንዱ ጆሮ ይቆርጣል፣ ወንድ ከሆነ ይኮላሻል፣ ጸሐፊው መዝገብ ላይ አንድ ጭረት ይጨምራል።

ብረቱን ማወቅ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ጀማሪ ሰው ብረቱ እንደ ፍም ሲቀላ የደረሰ ይመስለዋል። የቀላ ብረት ጸጉሩን በእሳት ያያይዘዋል፣ ቆዳውን ጠልቆ ይበላዋል፣ ጠባሳውም ሲድን ተንሰራፍቶ የማይነበብ ቁራሽ ይሆናል። ትክክለኛው ብረት ቀለሙ አመድ የመሰለ ነው። ብረቱ በቂ ግለት ከሌለው ደግሞ የሚቃጠለው ጸጉሩ ብቻ ነው፤ ወራት ሲያልፉ ጸጉሩ ተመልሶ ይበቅላል፣ ከብቷም ምልክት እንደሌላት ትሆናለች። ቆዳው በዝናብ ከራሰ ጭራሽ አይተኮስም፤ እንፋሎቱ ዙሪያውን ይቀቅለዋል። በደንብ የተተኮሰ ቦታ የፈረስ ኮርቻ ቆዳ ይመስላል። ለዚህ የሚፈጀው ጊዜ ጥቂት ሰከንድ ነው።

ሌባም ይህንኑ ሙያ ይማራል። አንድ መስመር ጨምሮ ሰረዙን መስቀል፣ ግማሹን ክብ ሙሉ ክብ ማድረግ ይችላል። ከዚህ የቀለለው ግን ምልክት ያልተደረገበትን ጥጃ እናቱን ከተወ በኋላ አግኝቶ የራስን ምልክት መተኮስ ነው። እንዲህ ያለው ባለቤቱ የማይታወቅ ጥጃ “ማቨሪክ” ይባላል። የማቨሪክ ጉዳይ በዋዮሚንግ ትልቅ ቁርሾ አስከትሏል፦ በ1884 የወጣ ሕግ እነዚህን ጥጆች ለትልልቆቹ አርቢዎች ማኅበር ስለሰጠ ትንንሾቹ ተቆጡ፤ ቂሙ በ1892 የጆንሰን አውራጃ ወደተባለው የትጥቅ ግጭት አመራ።

ታዲያ ምክር ቤቱ ምን ያደርግለታል?

እስካሁን የተጠቀሰውን እያንዳንዱን ነገር እንየው፦ ምልክቱ፣ መዝገቡ፣ የማቨሪኩ ዕጣ፣ ውሃው። ሁሉም ሕግ ይሻሉ። ሕግ በማይደርስበት ቦታ የሚሆነውን ደግሞ ሞንታና በ1884 በሙቀቱ ወራት አይታዋለች። ግራንቪል ስቱዋርት ቀደምት የወርቅ ፈላጊ፣ ከብት አርቢና በ1883 የግዛቱ የላይኛው ምክር ቤት ፕሬዚዳንት የነበረ ሰው ነው። እሱ የመራው ቡድን በሚዙሪ ወንዝ ዳር የፈረስ ሌቦች ያላቸውን ከደርዘን የሚበልጡ ሰዎች ያለ ፍርድ ሰቀለና ተኩሶ ገደለ። የሕግ አውጪው ሰው ራሱ ሕግ የዘለለበት ይህ ታሪክ የሞንታና ጠባሳ ነው።

ኮርስ ስቱዋርትን ጠንቅቆ ያውቀዋል። በ1883 “ዲ ኤች ኤስ” በተባለው የስቱዋርት ኩባንያ ውስጥ ሁለት ሦስተኛውን ድርሻ የገዙት ኮርስና ቢለንበርግ ናቸው፤ ፊደላቱ ዴቪስ፣ ሃውሰርና ስቱዋርት የተባሉትን መሥራቾች ይወክላሉ።

በ1885 ኮርስ በግዛቱ ምክር ቤት ተቀመጠ። ያ ምክር ቤት በከብት አርቢዎች ብዛት የተነሳ “የካውቦዮቹ ምክር ቤት” የሚል ስም ወጥቶለታል። ዋና ሥራው የከብት ኮሚሽነሮች ቦርድ ማቋቋም ነበር። ቦርዱ ተቆጣጣሪዎች ይቀጥራል፤ ደመወዛቸው በከብት ላይ ከሚጣል ግብር ይከፈላል። ተቆጣጣሪው ከብት በባቡር በሚጫንበትና በገበያው ማራገፊያ በር ላይ ቆሞ የእያንዳንዱን ከብት ምልክት ያነባል። ከላኪው ምልክት የተለየ ከብት ካገኘ ሽያጩ ለእውነተኛው ባለቤት ገቢ እንዲሆን ያደርጋል። ገመድ ይዞ ሌባ ከማሳደድ ይልቅ በሩን መጠበቅ እንደሚሻል የተረዱት በዚህ ነው፤ የተሰረቀ ከብት የትም ቢዞር ገንዘብ ለመሆን በዚያ በር ማለፍ አለበት።

ሌላው ስለ አጥር ያለው ደንብ ነው። በምሥራቁ አሜሪካ ከብቱን ማጠር የባለ ከብቱ ግዴታ ነው። በከብት አርቢዎቹ አገር ግን ተገላቢጦሽ ነው፦ ሰብሉ እንዳይበላበት የሚፈልግ ገበሬ ራሱ ይጠር፤ ሳያጥር ከተበላበት ካሳ አያገኝም። አጥር ማለት እዚህ በብዙ ኪሎ ሜትር የሚለካ እንጨትና ሽቦ ነው። ወጪውን ማን ይሸከም የሚለው ጥያቄ አንዱን ያከብራል፣ ሌላውን ያከስራል። የሞንታና ሕግ እስከ ዛሬ በመሠረቱ ከባለ ከብቱ ጋር ነው።

ሞንታና በ1889 ከግዛትነት ወጥታ የአሜሪካ ሙሉ አባል፣ ማለትም ክፍለ ግዛት፣ ለመሆን ስትዘጋጅ፣ ኮርስ ሕገ መንግሥቱን ለማርቀቅ ሄለና ላይ ከተሰበሰቡት 75 ተወካዮች አንዱ ሆነ። ያ ሰነድ ሕዝቡ ብዙም ይሁን ጥቂት ለእያንዳንዱ አውራጃ አንድ ሴናተር ሰጠ። ከሰው ይልቅ ከብት ለሚበዛባቸው አውራጃዎች ይህ ትልቅ ድል ነበር። ውሃን በተመለከተም፣ ቀድመው በጠለፉት ውሃ መጠቀም የሕዝብ ጥቅም ተብሎ ጸና። “ቀድሞ የጠለፈ ቀድሞ ያጠጣ” የሚለው መርህ ለአርቢው ከመሬት ካርታ አይተናነስም፤ በድርቅ ዓመት ዘግይቶ የመጣው ጎረቤት ቦዩን ዘግቶ ይመለከታል፣ ቀዳሚው ድርቆሹን ያጠጣል። ኮርስ በዚህ ነገር ልምድ ነበረው፤ ለወርቅ ማጠቢያ ውሃ በቦይ በሚያቀርብ ኩባንያ ውስጥም ባለ ድርሻ ነበር። በ1902 ደግሞ የክፍለ ግዛቱ ሴናተር ሆነ።

በ1886 እና በ1887 መካከል ምን ደረሰ?

ከኖቬምበር እስከ ማርች ያለው የብርድና የበረዶ ወቅት ነው ሁሉን የገለበጠው። ግን ጥፋቱ የጀመረው ከበረዶው በፊት ነው። የባቡር መስመሩ በ1883 ሞንታናን አቋርጦ ካለቀ ወዲህ ከምሥራቅ አሜሪካና ከብሪታንያ ገንዘብ ጎረፈ፤ ሜዳው ከሚችለው በላይ ከብት ገባበት። ነጻ ሣር ላይ “እኔ ልቀንስ” የሚል የለም፤ አንዱ ቢቀንስ ሌላው ይሞላዋል። በ1886 በሙቀቱ ወራት ዝናብ ጠፋ፣ ሣሩ አጠረ፣ ሰደድ እሳት የቀረውን በላ። ከብቱ ወደ ብርዱ የገባው ከስቶ ነው።

በረዶው ቀድሞ ወረደ። በጃንዋሪ “ቺኑክ” የሚባለው ከተራራው የሚወርድ ሞቃት ነፋስ ጥቂት ነፍሶ የላዩን በረዶ አቀለጠው፤ ወዲያው ብርዱ ተመልሶ የቀለጠውን እንደ መስታወት አጠነከረው። ፈረስ በረዶ ሲገጥመው በኮቴው ጭሮ ሣሩን ያወጣል። ከብት ግን አይጭርም፤ በአፍንጫው ገፍቶ ነው የሚግጠው። የጠነከረው በረዶ አፍንጫውን ላጠው፣ ሲረግጠው እየሰበረ ቅልጥሙን ቆረጠው። ውሽንፍር ሲመጣ ደግሞ ከብት ጀርባውን ለነፋሱ ሰጥቶ ይሄዳል፣ ገደል ወይም አጥር እስኪያግደው ድረስ፤ እዚያ ተደራርቦ ያልቃል። በሞንታና ያለቀው ወደ 60 በመቶ እንደሚሆን ይገመታል።

ሲቆጠር ሌላ ጉድ ወጣ። ብዙ ኩባንያዎች የሚሸጡትና የሚበደሩበት መንጋ ሜዳ ላይ የተቆጠረ ሳይሆን መዝገብ ላይ የተሰላ ነበር፦ የተተኮሱትን ጥጆች ያበዛሉ፣ ሞትና ስርቆት የሚሉትን በትንሹ ይቀንሳሉ። በየዓመቱ የተጠራቀመው ስህተት በዚያ አንድ ዓመት ተገለጠ። ስቱዋርት ልመግበውና ላስጠልለው የማልችለውን እንስሳ ዳግመኛ አልይዝም ብሎ ከሥራው ወጣ።

ኮርስስ እንዴት ተረፈ?

እሱም ብዙ ከብት አልቆበታል። ነገር ግን የዲር ሎጅ ሸለቆ በተራራ የተከለለ ነው፣ በራሱ መሬት የሚታጨድ ድርቆሽ ነበረው፣ ገንዘቡም በማዕድንና በውሃ ቦይ ተከፋፍሎ ነበር። ከሁሉ በላይ የቢዩቱ የባንክ ባለሀብት አንድሩ ዴቪስ 100 ሺህ ዶላር ያለ መያዣ አበደረው፤ ኮርስም በጥቂት ዓመታት ከፍሎ ጨረሰ። ከ20 ዓመት በላይ በቃሉ የኖረ ነጋዴ ስሙ መያዣው ሆነለት።

ከዚያ ወዲህ አሠራሩ ተቀየረ። ቢያንስ ደካሞቹን ማብላት ግድ ሆነ። አንዲት ላም በቀን ከ10 እስከ 12 ኪሎ ድርቆሽ ትበላለች፤ ለአራት ወር ቢሰላ ከአንድ ቶን ተኩል ብዙም አይርቅም። ይህንን በአሥር ሺህ ላም ማባዛት ነው። ስለዚህ የቻለውን ያህል የድርቆሽ መስክ ገዛ፣ ቦይ ቆፈረ፣ መንጋውን በተሻለ ዘር አሻሻለ። በደጉ ጊዜ በዓመት ከ8 እስከ 10 ሺህ ሰንጋ ወደ ቺካጎ ይልክ ነበር። በ1890 በአሮጌው የእንጨት ቤት ጀርባ የጡብ ቤት ጨመረበት።

ክፍት ግጦሹ ለምን አበቃ?

በረዶ ያልጨረሰውን ማረሻ ጨረሰው። በ1909 የወጣ ሕግ ለአንድ ሰፋሪ 320 ኤከር ስለፈቀደ፣ ገበሬዎች በባቡር ተጭነው መጡ፤ ሜዳው በሽቦ ተሸነሸነ። ኮርስ ወራሽ ይሆነዋል ያለውን ልጁን ዊሊያምን በ1901 ኒው ዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሲማር በሳምባ ምች አጥቷል። እርጅናው ሲገፋ ሁለቱ ወንድማማቾች መንጋውንና መሬቱን ቀስ በቀስ ሸጡት፤ ያስቀሩት በዲር ሎጅ ቤቱ ዙሪያ ያለውን ውሃ የሚጠጣ መስክ ነው። ኮርስ በ1920 ሄለና ውስጥ አረፈ። ኦጉስታ እስከ 1945፣ እስከ 96 ዓመቷ ኖረች።

ራንቹን የልጅ ልጃቸው አቆየው። በ1972 የአሜሪካ ምክር ቤት ብሔራዊ ታሪካዊ ስፍራ አደረገው፤ የግራንትና የኮርስ ስም ተጣምሮ ይጠራበታል። ሙዚየም ብቻ አይደለም፤ ዛሬም ከብት ይረባበታል፣ ድርቆሽ ይታጨድበታል።